አንዲት ትርፍ ምት

ስመኝ የሰው እግር ማጠብ የጀመረችው አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ጥፍሯን የምትቀባ፣ ባለጉዳይ ሲቆጣ ቀና ብላ እንኳ የማታይ ኩሩ ሴት። ሜኔሶታ ገብታ የነርስ ረዳትነት ኮርስ ከጨረሰች ወዲህ ግን ይኸው አሥራ አራት ዓመት፣ ሮዝቪል በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ባልደረቦቿ ከሥራው ሁሉ የሚሸሹት እግር ማጠቡን ነው። የዘጠና ዓመት እግር ለማየት ደስ አይልም፤ ጥፍሩ ቀንድ ሆኗል፣ ቆዳው ሲነኩት ይላጣል። ስመኝ ግን «እግሩን ለእኔ ተዉት» ትላለች፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ይተዉላታል።

ከእነዚያ ሁሉ እግሮች መሐል ልቧ የገባው የሚስ ኮሪን ነው። ሚስ ኮሪን የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ናት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ያላት አሪዞና የሚኖር የወንድሟ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንድ እሑድ ይደውላል። የእግር ጣቶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣምመዋል፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን የወጣት ይመስል ጠጣር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ገና በመጀመሪያው ቀን ስመኝ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እያሸች «ምን ብትሠሪባቸው ነው እንዲህ የሆኑት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሆሊውድ ሠርቼባቸዋለሁ» አለች አሮጊቷ።

ስመኝ በሆዷ ሳቀች። በዚያ ቤት ያልተሆነ ነገር የለም። ኮሪደሩ መጨረሻ ያሉት ሰውዬ ጄኔራል ነበርኩ ይላሉ፤ ፋይላቸው ግን ወተት አመላላሽ ሾፌር እንደነበሩ ይናገራል። አንዲት የፊልም ተዋናይ ብትጨመር ማንን ይጎዳል?

ሚስ ኮሪን ግን ተዋናይ ነበርኩ አላለችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከሰሜን ሜኔሶታ በአውቶቡስ ተነሥታ ካሊፎርኒያ ገባች። ጫማ ሥር ብረት ተመትቶ ወለሉን እንደ ከበሮ የሚደልቁበትን ውዝዋዜ፣ ታፕ የሚሉትን፣ ከልጅነቷ ትችል ነበር። ያኔ እነዚያ በቀለም ያሸበረቁ የዳንስ ፊልሞች ሲሠሩ ካሜራ ፊት የምትጨፍረው ዋናዋ ተዋናይ ናት፤ የጫማው ድምፅ ግን በኋላ ለብቻው ይቀዳል። ባዶ ክፍል፣ አንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ድምፅ የሌለው ፊልም። ሚስ ኮሪን ሰሌዳው ላይ ቆማ የዋናዋን እግር እያየች በራሷ እግር ትመታለች። «የምታዪው የእሷ እግር ነው፣ የምትሰሚው የእኔ» አለቻት። ስሟ ግን ፊልሙ ላይ አልተጻፈም።

ያልተጻፈው የእሷ ብቻ አልነበረም። ልብሱ እጥፋት እንዳይዝ በጨፋሪዎቹ ሴቶች ገላ ላይ እንዳለ የምትሰፋው ኦልጋ ነበረች። ጥቁሩን ወለል መስተዋት እስኪመስል ድረስ በየቀረጻው መሐል በጉልበቱ እየዳኸ የሚወለውለው ራሞን ነበር። የዋናዋ እግር ደምቶ ስታለቅስ በረዶ በባልዲ ይዞ የሚሮጥ መብራት ሠራተኛ ነበር። ሚስ ኮሪን ስማቸውን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ በተስካር ቀን ቄስ የሙታንን ስም እንደሚጠራው፣ አንዱንም ሳትዘል። ስመኝም ፎጣ ይዛ ታዳምጣለች። እየዋለ እያደረ ኦልጋና ራሞን የሰፈሯ ሰዎች መሰሏት።

አንድ ቀን ስለ ደረጃው ነገረቻት። ዋናዋ ተዋናይ ረጅም ደረጃ እየጨፈረች ወርዳ መጨረሻው ላይ ቀጥ የምትልበት ቦታ አለ። ሚስ ኮሪን የዚያን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ስትመታ ውላ እግሯ አልቆም አላት፤ ተዋናይዋ ከቆመች በኋላ አንዲት ምት ጨመረች። ድምፅ ቀጂው ሰምቶ በመስኮቱ በኩል አያት። እንደገና ሊያስቀዳኝ ነው ብላ ስትጠብቅ «ተያት፣ ይቺ ያንቺ ትሁን» አላት። ከዚያ ወዲህ ያችን ዳንስ የትም ብትደንስ፣ ተመልሳ መጥታ ሴይንት ፖል ውስጥ ለሰፈር ልጆች ታፕ ስታስተምር በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትጨምራለች። በተሽከርካሪ ወንበሯ እግር ማስቀመጫ ላይ እየመታች አሳየቻት። ስመኝ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ምቱን ያዘችው። በደርግ ጊዜ በቀበሌያቸው የኪነት ቡድን በኋላው መስመር ስትወዛወዝ ያደገች ናት፤ ይህን ለገዛ ልጇ እንኳ ነግራ አታውቅም።

ባለፈው ኅዳር ሚስ ኮሪንን ስትሮክ መታት። ምላሷንና ቀኝ እጇን ይዞ ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቱ አራት ሳምንት ተመላለሰና መሻሻል የለም ተብሎ ቀረ። የማትናገር፣ የማትቆም፣ ጣሪያ የምታይ ሴት ሆነች። ስመኝ እግሯን ማጠቧን አልተወችም፤ ራሷ ወሬውን ትጀምራለች፣ የኦልጋን ታሪክ ለባለታሪኳ መልሳ ታወራላታለች።

ጥር ሲገባ እግሮቹ ተነሡ። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ሁለቱም፣ ብርድ ልብሱ ሥር። ስመኝ አልጋ ልታነጥፍ ገብታ ብርድ ልብሱ ሲነቃነቅ አየችና ቆመች፤ በአፏ ቆጠረች። ደረጃው ነው። ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ አንድ። እየሳቀች አለቀሰች። ሚስ ኮሪን አየቻትና ደግማ ጀመረች።

እዚህ ላይ ነው ስመኝ የተሳሳተችው፤ የተሳሳተችው ደግሞ ሥራዋን በደንብ ስለምታውቅ ነው። ኮርሱን ስትወስድ አስተማሪዋ ደጋግማ የነገረቻት አንድ ነገር ነበር፦ ያየሽውን ጻፊ፣ ያሰብሽውን አትጻፊ። ታካሚው አዝኗል አትበይ፣ አልቅሷል በይ። ስመኝ መዝገብ ቤት ያደገች ሴት ናት፤ ይህን ሕግ በፍቅር ነው የተቀበለችው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ታብሌት ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ ሁለቱም እግሮች ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ በምሳ ሰዓትም አላቆሙም፤ ጠንካራ ናቸው። በማግሥቱም ጻፈች። አምስት ቀን ተከታትላ ጻፈች። መሻሻሏን ካዩ ፊዚዮቴራፒስቱን ይመልሱታል ብላ ነው። ዳንስ የሚለውን ቃል አልጻፈችም፤ እሱ ያሰበችው እንጂ ያየችው አይደለም። እግር ሲንቀሳቀስ ነው ያየችው።

በስድስተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ አልመጣም። የመጣው መድኃኒት ነው።

ሐኪሙ በወር አንድ ጊዜ በስክሪን የሚመጣ ሰው ነው። የስመኝን አምስት ቀን ጽሑፍ አነበበ፤ የማያርፍ እግር፣ መብላት ላይ እንኳ የማያቆም፣ መናገር የማትችል አሮጊት። እንዲህ ያለ ሰው እየተሰቃየ ነው፣ ማረጋጋት ያስፈልጋል አለ። የወንድሟ ልጅ በስልክ ተጠየቀ፣ እሺ አለ። በቃ። ጠዋትና ማታ አንድ እንክብል።

ስመኝ የሰማችው ከአለቃዋ ከነርስ ጁሊ ነው። ጁሊ ደግሞ ደስ ብሏት ነው የነገረቻት። «አንቺ ባትጽፊው አናውቅም ነበር። ጎበዝ!» አለቻት።

«ስቃይ አይደለም፤ ዳንስ ነው» አለች ስመኝ። ስትደነግጥ እንግሊዝኛዋ ያጥራል። «ዳንሰኛ ናት። እያስታወሰች ነው።»

ጁሊ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ደግ ሴት ናት፣ ይህም ነው ነገሩን ያከበደው። «እንደምትወጃት አውቃለሁ። ግን ጽሑፍሽ ላይ ዳንስ የሚል የለም። ሐኪሙ የሚያየው የተጻፈውን ነው። ቀጣዩ ወር ሲመጣ እናነሣለታለን።»

መድኃኒት የምታድለው ኢብሲቱ ናት፤ የነቀምቴ ልጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ብሩክሊን ፓርክ የምትኖር። ከስመኝ ጋር ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ኢብሲቱ የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋች ስትመጣ ስመኝ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ኢብሲቱዬ፣ ዛሬን አትስጫት።»

«እትዬ ስመኝ፣ ኦርደር ነው እኮ። እኔ ምን ላድርግ?»

«አልዋጥም አለች በያ። ሪፊውዝ አደረገች ብለሽ ጻፊ።»

«ሳታደርግ?» ኢብሲቱ ኮሪደሩን ወደ ኋላ አየች። «ሰርቲፊኬቴን እኮ ይወስዱታል። ልጆቼን ምን ላብላ? ባሌ ባይሳም ከሥራ ሌይ ኦፍ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ጉድ የሠራኋት እኮ። በእጄ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ያየሽውን ነው ቻርት ያደረግሽው።»

ኢብሲቱ እንክብሉን ፈጭታ በተፈጨ ፖም ለወሰችውና ገባች። ሚስ ኮሪን ማንኪያውን ስታይ ከንፈሯን ገጠመች። ኢብሲቱ ሁለቴ ሞከረች፣ እምቢ አለቻት። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ አጠገቧ ቁሚልኝ፤ አንቺን ካየች ነው የምትከፍተው» አለች። ስመኝ ገብታ ቆመች። ባትቆም ኢብሲቱ ነበረች የምትጠየቀው። ሚስ ኮሪን አየቻት፣ አፏን ከፈተች። ስመኝ በዚያች ደቂቃ ራሷን እንደጠላች በሕይወቷ ማንንም ጠልታ አታውቅም።

አራተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ የወንድሟ ልጅ ስኮት የሚደውልበት እሑድ። ሚስ ኮሪን እጇ ስለማይሠራ የቪዲዮ ጥሪውን ታብሌት የምትይዝላት ስመኝ ናት። በመጦሪያው ደንብ የሠራተኛ ሥራ ታብሌት መያዝ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ስለ መድኃኒት ማውራት አይፈቀድም። ስኮት «እንዴት ነሽ አክስቴ» ብሎ፣ ስለ አሪዞና ፀሐይ አውርቶ ሊሰናበት ሲል ስመኝ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስገባች።

«ይቅርታ ጌታዬ። እግሯ ሕመም አይደለም። በፊልሙ የደነሰችውን ዳንስ ነው የምትደንሰው።»

ስኮት ትንሽ ፈገግ አለ። «ያንን ታሪክ ለአንቺም ነገረችሽ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የሰማሁት። አድጌ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። የተዋናዩ፣ የሠራተኛው፣ የሁሉም ስም እዚያ ተዘርዝሯል፤ የፀጉር ሠሪዋ ረዳት እንኳ አለች። አክስቴ የለችም። ለተማሪዎቿ የምታወራው ጨዋታ ነበር፣ እኔም አልተቀየምኳትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳትሰቃይብኝ ብቻ ነው የምፈልገው። ስለምትንከባከቢያት አመሰግናለሁ።» ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ስመኝ ተሳድባ ይወጣላት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሴይንት ፖል ቤቷ ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ልጇን ጠራቻት። ኤልሻዳይ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ሜኔሶታ ተወልዳ ያደገች፤ በአማርኛ ሲጠሯት በእንግሊዝኛ አቤት የምትል። ሚስ ኮሪን በስም የነገረቻትን ፊልም የሠራተኞች ዝርዝር በስልኳ አወጣችላትና ጣቷን እያንሸራተተች አነበበች፤ ተዋንያን፣ የካሜራ ሰዎች፣ አልባሳት፣ መብራት፣ ድምፅ።

«ማም፣ ሺ ኢዝ ኖት ሂር። የለችም። ላይክ፣ ኤኒዌር።»

«ኦልጋስ?»

«ኖ።»

«ራሞን? ወለል ጠራጊ።»

«ማም! ወለል ጠራጊ ማን ይጽፋል?»

ስመኝ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ደቂቃ እሷም ተጠራጠረች። ሁለት ዓመት ሙሉ እያለቀሰች የሰማችው ተረት ቢሆንስ? ኮሪደሩ መጨረሻ ያሉት ጄኔራልና ሚስ ኮሪን አንድ ቢሆኑስ? ያኔ ሐኪሙ ልክ ነው፣ ስኮት ልክ ነው፣ እሷ ናት ጅሏ። ብቻ ደግሞ እነዚያን እግሮች ሁለት ዓመት በእጇ ይዛቸዋለች።

«ደረጃው ያለበትን ፈልጊልኝ» አለች።

ኤልሻዳይ ፈልጋ አገኘችው። ዋናዋ ተዋናይ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ከላይ ታየች፤ ወለሉ እውነትም እንደ መስተዋት ያበራል። ስመኝ ራሞንን አስታወሰች። ተዋናይዋ መውረድ ጀመረች፣ ድምፁ ከበሮ እንደሚደለቅ ወረደ፣ ስመኝ በአፏ ቆጠረች፤ እያንዳንዷን ምት ታውቃታለች። መጨረሻው ደረጃ ላይ ተዋናይዋ እጆቿን ዘርግታ ቀጥ አለች። እግሮቿ ቆመዋል። ከዚያ አንዲት ምት ተሰማች፣ ቀጭን፣ ብቻዋን።

«መልሺው» አለች ስመኝ።

ኤልሻዳይ መለሰችው። ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ልጅቷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ዌይት። እግሯ ቆሟል እኮ። ሁ ኢዝ ዛት?» ብላ ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ እናቷ ደረቷን ትመታለች።

በማግሥቱ ስመኝ ከሁሉም ቀድማ ሥራ ገባች። ጁሊን ቢሮዋ ድረስ ሄዳ ስልኩን አስያዘቻት፣ ታሪኩን ከአውቶቡሱ ጀምራ እስከ ድምፅ ቀጂው ነገረቻት። ጁሊ ሰማች፣ ደግማ ሰማች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አመነቻት። ስመኝ ካመኑኝ አለቀ ብላ ነበር የመጣችው።

«ለሐኪሙ እጽፍለታለሁ» አለች ጁሊ። በማግሥቱ ከሐኪሙ መልስ መጣ። ዳንሰኛ መሆኗ ደስ ይላል፤ ሆኖም የሕመም ምልክት አለመሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ይቀጥል፤ በሦስት ወር መጠኑን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ሠራተኞች በየቀኑ የእግር እንቅስቃሴ ይመዝግቡ። ጁሊ ይህን ስታነብላት ከወረቀቱ ቀና አላለችም። ለዘጠና አንድ ዓመት ሴት ሦስት ወር ምን ያህል እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ለስኮት መልእክት ተላከለት፤ በሚቀጥለው የሚደውልበት እሑድ እናወራለን አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታብሌቱ ላይ አዲስ ጥያቄ ይወጣል። ዛሬ የእግር እንቅስቃሴ ታይቷል? ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፦ ታይቷል፣ አልታየም። ስመኝ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ታይቷል እያልኩ እከራከርላታለሁ ብላ። ኢብሲቱ ናት ያስቆመቻት። «እትዬ፣ እንዳትነኪው» አለቻት በሹክሹክታ። «ታይቷል ካልሽ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ዶዙን ይጨምሩታል። አልታየም ካልሽ ደግሞ እየሠራ ነው ብለው ይቀጥሉታል።» ስመኝ ሁለቱን ቁልፎች እያፈራረቀች አየቻቸው። አዲስ አበባ ሳለች ስንቱን ባለጉዳይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አመላልሳለች። ተራው ደርሶ በእሷ ሲሠራ ግን እንዲህ እንደሚያም አስባ አታውቅም ነበር።

እግሮቹ በመጀመሪያው ሳምንት ዘገዩ። በሁለተኛው ሳምንት ዳንሱ ከመካከል ይቆረጥ ጀመር፤ ሚስ ኮሪን አምስት ስድስት ደረጃ ትወርድና ጠፍታባት ጣሪያውን ታያለች። በሦስተኛው ብርድ ልብሱ ተኛ። ፊቷ ሰላማዊ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ እንዴት አማረባት ይላል። ስመኝ ብቻዋን ስትሆን «ሚስ ኮሪን፣ የት ሄድሽ?» ትላታለች።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት፣ ውጭ በረዶው ገና ተጠርጎ ሳያልቅ፣ ስመኝ ሳፋዋን ይዛ ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ስልኳን ትራሱ ላይ፣ ከሚስ ኮሪን ጆሮ አጠገብ አስቀመጠችና ደረጃውን ከፈተችው። ራሷ አልጋው ግርጌ ተቀመጠች፣ የሚስ ኮሪንን ግራ እግር ከውኃው አውጥታ ፎጣው ላይ አኖረችው፣ ውስጥ እግሩን በመዳፏ ደገፈችው። ድምፁ መውረድ ጀመረ። እግሩ ከብዷል፣ ለብ ብሏል፣ አይሰማም። ስመኝ በአፏ መቁጠር ጀምራ መሐል ላይ ተወችው፤ አላስቻላትም። ተዋናይዋ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሙዚቃው ቆመ።

ትርፏ ምት ተሰማች። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ በስመኝ ዓይን ፊት፣ የተጣመመው አውራ ጣት ተነሥቶ መዳፏን አንዴ መታት።

ስመኝ ቀና ብላ አየቻት። ሚስ ኮሪን ጣሪያውን ታያለች። ሌላ ምንም አልመጣም። ፊልሙን ደግማ ከፈተችው፤ ጣቱ አልተነሣም። ሦስተኛ አልሞከረችም።

ጁሊ በበሩ ብቅ አለች። «ደህና አደራችሁ? የዛሬውን ሞልተሻል?» ብላ አለፈች።

ስመኝ እጇን በፎጣ አደረቀች። ግድግዳው ላይ ወዳለው ታብሌት ሄደች። ጥያቄው ወጥቶ እየጠበቃት ነው። አሥራ አራት ዓመት ያላየችውን ጽፋ አታውቅም፣ ያየችውን ደብቃ አታውቅም። መዳፏ ላይ አሁንም የጣቱ ምት ይሰማታል። «አልታየም» የሚለውን ነካች፤ ታብሌቱ አረንጓዴ ምልክት አሳያትና አመሰገናት። ከዚያ ሌላኛውን እግር ልታጥብ ተመለሰች።